ዝንብ ይገባብሃል

ብልጭታ የሞተውን አጎቷን አፍ ለመዝጋት ግማሽ ከሰዓት ፈጀባት።

ሥራው እንዳሰበችው ቀላል አልነበረም። ፎቶው ላይ ያለው ልጅ የሚስቀው በከንፈሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከንፈሩን ሰብሰብ አድርጎ ማለፍ ይቻል ነበር። እሱ ግን የሚስቀው በዓይኑም፣ በጉንጩም፣ በአንገቱም ነው። አፉን ስትዘጋው ጉንጩ ያለ ምክንያት እንዳበጠ ቀረ። ጉንጩን ስታስተካክል ዓይኑ ጠበበ። ዓይኑን ከፈት ስታደርገው ደግሞ መርፌ ሊወጋ ተራ የደረሰው ሕፃን መሰለ። በመጨረሻ የሰው አፍ መዋስ ግድ ሆነባት። ኮምፒውተሩ ውስጥ ካሉት ጉርድ ፎቶዎች አንዱን ከፈተች፤ አባቷ ለመንጃ ፈቃድ የተነሳው ነው፣ አፉ ግጥም ያለ። ከዚያ ላይ ከንፈሩን ቆርጣ አጎቷ ፊት ላይ አስቀመጠችው። ልክክ አለ። ወንድማማቾች አይደሉ!

«ቀሽት!» አለች ለራሷ፣ ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተለጥጣ።

ብልጭታ ያሏት ቤተሰቦቿ ናቸው። ሕፃን ሳለች የካሜራው መብራት ብልጭ ሲል ሌላው ሕፃን ያለቅሳል፣ እሷ ግን ትስቅ ነበርና ስሙ በዚያው ተለጥፎባት ቀረ። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ጥላ ቀጥታ የምትገባው አባቷ ፎቶ ቤት ነው። ፎቶ ቤቱ ከፊት፣ መኖሪያቸው ከጀርባ፣ በመሃል አንድ መጋረጃ። እናቷ ነርስ ስለሆነች ብዙውን ጊዜ ሆስፒታል ተረኛ ናት፤ ቤቱ የሚውለው በአባቷ፣ በአያቷና በእሷ ነው።

የፎቶው ባለቤት ደግሞ የአባቷ ታላቅ ወንድም ነበር። ጥርሱ መሃል ላይ ክፍተት ስለነበረው ሰፈሩ ሁሉ ፍንጭቱ ይለዋል። በአሥራ ስድስት ዓመቱ የሞተው በአደባባዩ ቀን ነው።

የአደባባዩን ቀን በከተማው የማያውቅ የለም፤ ምን እንደነበረ ግን እንደየዘመኑ ይለያያል። በዚያ ቀን አደባባዩ ላይ በተሰበሰበ ሰው ላይ ወታደሮች ተኮሱ። ያኔ የነበረው መንግሥት የሞቱትን «ሁከተኞች» ብሎ በሬዲዮ አስነገረባቸው፤ ስማቸውን ጮክ ብሎ መጥራት ለብዙ ዓመት ያስጠይቅ ነበር። መንግሥት ሲቀየር «ጀግኖች» ተባሉ። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሁሉም ፎቶ በተማሪዎች እጅ ተይዞ በሰልፍ አደባባዩን ያቋርጣል። የፍንጭቱን ፎቶ የምትይዘው ብልጭታ ናት። የታሪክ መምህሯ ይህንን ክፍል ውስጥ ሲናገር ሁሉም ዞሮ ስላያት ጆሮዋ እስኪግል ድረስ ኩራት ተሰምቷት ነበር።

ፎቶዎቹን የሚያዘጋጀው የአባቷ ፎቶ ቤት ነው። የመታሰቢያ ኮሚቴው ጸሐፊ ትእዛዙን ሲያመጡ ቁርጥ ያለ ነበር፤ ሁሉም ጥቁር ኮት ይልበስ፣ ጀርባው ሰማያዊ ይሁን፣ ዓይን ቀና፣ አፍ የተዘጋ። አባቷ ሌሎቹን ሁሉ ራሱ ሠራ። የወንድሙ ተራ ሲደርስ «ዓይኔን ደከመኝ፤ አንቺ ጨርሺው» ብሏት ወደ ፍሬሞቹ ሄደ።

እሷም ጨረሰችው። አንድ ቅጂ አተመችና መጋረጃውን ገልጣ ወደ ውስጥ ሮጠች።

«እማማ! እይው፣ ጨርሼዋለሁ!»

አያቷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ከሬዲዮው ጋር ትሟገታለች። ዕድሜዋን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ ስለነበረች ሰፈሩ እማማ ቲኬት ይላታል። ዛሬም ወንበር ላይ ስትቀመጥ አንድ እግሯን ወደ ፊት ትተክላለች፣ ወለሉ ድንገት ፍሬን ይይዝ ይመስል። በጉብዝናዋ ዘመን ድምጿ ያለ ፍሬን አውቶቡስ ያቆማል ይባል ነበር። ብልጭታ ግን ይህንን ከሰው አፍ እንጂ በጆሮዋ ሰምታው አታውቅም። እሷ የምታውቃት አያቷ የምትቀልደውም የምትቆጣውም በዝግታ ነው።

እማማ መነጽሯን አድርጋ ፎቶውን ተቀበለችና ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ቆንጆ ልጅ ነው» አለች። «የማን ልጅ ነው?»

ብልጭታ ሳቀች። አያቷ እንዲህ ዓይነት ቀልድ ትወዳለች። «እማማ ደግሞ! ፍንጭቱ ነዋ!»

እማማ አልሳቀችም። ጣቷን ፎቶው ላይ አስቀምጣ ቀስ እያለች ከላይ ወደ ታች ወረደች። «ግንባሩ የሱ ነው። ቅንድቡም የሱ ነው። ዓይኑ… ይሁን፣ የሱ ነው እንበል።» ጣቷ ከንፈሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። «አፉ ያባትሽ ነው። የኔ ልጅ ፍንጭት የት ሄደ?»

የብልጭታ ፈገግታ ፊቷ ላይ ደረቀ። የተዋሰችውን አፍ እንኳን ሌላ ሰው አባቷም አይለየውም ብላ ነበር። «ኮሚቴው አፍ ይዘጋ ስላለ ነው» አለች። «ሁሉም እንደዚህ ነው።»

«ይገርማል» አለች እማማ። «እኔ ቀን ከሌት ‹አፍህን ግጠም፣ ዝንብ ይገባብሃል› እለው ነበር። በልቶም ይስቃል፣ ተቆጥቼውም ይስቃል። አንድ ቀን ሰምቶኝ አያውቅም። እናንተ አስገጠማችሁት።»

ብትቆጣ ይሻል ነበር። እሷ ግን የተናገረችው ምንም ሳትቆጣ ነው፣ የጠፋ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው።

እማማ ተነስታ ግድግዳው ላይ ያለውን መስታወት አወረደችና ገልብጣ ከጀርባው ያለውን ካርቶን ላጥ አደረገች። ዋናው ፎቶ እዚያ ነው የሚኖረው። በፊት ቤት ሲፈተሽ እንዳይገኝ ደብቃው ነበር፤ አሁን የሚፈትሽ የለም፣ እሷ ግን ቦታውን አልቀየረችለትም። «ጠዋት ጠዋት ፀጉሬን ሳበጥር ፊት ለፊቴ ነበር፤ እኔም እሱም እናውቃለን፣ ሌላ ማንም አያውቅም» ትላለች። ሁለቱን ፎቶዎች ጭኗ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። አንደኛው ቀና ብሎ ሩቅ ያያል። ሌላኛው ዓይኑ እስኪጠፋ፣ ክፍተቱ እስኪታይ፣ አገጩ ወደ ላይ ተወርውሮ ይስቃል።

«የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች» አለች እማማ። «ኮሚቴው አንገቱን አስረዝሞ ኮትም ጨመረበት። ልጄ ኮት ለብሶ አያውቅም።»

«መምህራችን ግን ባንዲራ ይዞ ከፊት ነበር ብሎናል።»

«ምሳዬን ነበር የያዘው።»

«ምን?»

«ምሳ ዕቃዬን። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ምሳዬን ከቤት ይዞ ይመጣና አደባባዩ ፌርማታ ላይ ይጠብቀኛል። አውቶቡሳችን ስትቆም በመስኮት ያቀብለኛል።» እማማ ፈገግ አለች። «ሁልጊዜ ጎድሎ ነው የሚደርሰኝ። ‹ምነው ጎደለ?› ስለው ‹መንገድ ላይ ተንገጫግጮ ፈሰሰ› ይለኛል። በእግሩ እየመጣ! ዳቦ ይፈሳል እንዴ?»

ብልጭታ ሳቋ አመለጣት። አያቷም አብራት ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ በራሱ ጊዜ አለቀ።

«በዚያ ቀን ሕዝቡ ስለበዛ አውቶቡሳችንን በሌላ መንገድ አዞሩት» አለች እማማ። «እሱ ይህን አላወቀም። ቆሞ ይጠብቀኛል፣ እኔ አልመጣም።»

የሬዲዮው ሰውዬ ብቻውን ያወራል። ብልጭታ እጇን ዘርግታ ዘጋችው።

«ለምን አልተናገርሽም እማማ?»

«ለማን? ያኔ ‹ሁከተኛ ነው› ሲሉኝ ‹ኧረ ምሳ ይዞ ነው› አልኳቸው፤ ‹ትዋሻለች› አሉኝ። አሁን ‹ጀግና ነው› ሲሉኝ ‹ኧረ ምሳ ይዞ ነው› ስላቸው ‹ክብሩን አይቀንሱበት› ይሉኛል። ያኔ ‹አታልቅሺ፣ ታስጠይቂናለሽ› ተባልኩ። አሁን ‹አያልቅሱ እማማ፣ ይኩሩ›። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።» መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። «ሥራዬን አልተውኩም፣ አባትሽን ማሳደግ ነበረብኝ። በየቀኑ በዚያው አደባባይ አለፍኩ። ቲኬት ቆራጭ ፌርማታ ሲደርስ ስሙን መጥራት አለበት። እኔ ሁሉንም እጠራለሁ፣ እዚያ ስደርስ ግን አፌ እምቢ ይላል። ተሳፋሪው ራሱ እያወቀ ይወርድ ነበር። ጡረታ እስክወጣ ድረስ አንድ ቀን ጠርቼው አላውቅም።»

ብልጭታ ትምህርት ቤት ስለ አደባባዩ ቀን ብዙ ተምራለች፤ ለፈተናም አጥንታለች። ስለ ዳቦ የሚል ግን የትም አልነበረም። «ሌላስ ምን ይወድ ነበር?» አለች በመጨረሻ።

እማማ ቀና ብላ አየቻት። «እስከ ዛሬ ይህን የጠየቀኝ የለም።»

ከዚያ ነገረቻት። እግር ኳስ እንደማይችል፣ ግን እንደሚችል እንደሚያወራ። ድመት እንደሚፈራ። አንሶላ ሲታጠፍ አንዱን ጫፍ ይዞ ሆን ብሎ እየጎተተ እናቱን እንደሚያስቃት። ማውራቷ በቀጠለ ቁጥር የእማማ ድምፅ ትንሽ ትንሽ ከፍ እያለ ሄደ፤ ራሷም ያወቀችው አይመስልም።

«የትኛውን ልያዝ ነገ?» አለች ብልጭታ።

«እኔን አትጠይቂኝ» አለች እማማ። «ልዋሽሽ አልፈልግም። ልጄ በቀን በሰው ፊት ሲያልፍ ማየት እፈልጋለሁ። ነገ እዚያ ፌርማታ ሄጄ ልቆም ወስኛለሁ፣ በዚያ ቀን ስላልመጣሁ። ግን የትኛውን ያዢ አልልሽም። ሁለቱንም ጊዜ ሰው ወሰነልኝ፤ ምን እንደሚመስል ስለማውቀው ላንቺ አላደርገውም።»

ብልጭታ ወደ ፎቶ ቤቱ ስትመለስ አባቷ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ የፍሬም መስታወት ይወለውላል። ንጹሑን መስታወት ነበር ደግሞ ደጋግሞ የሚወለውለው።

«ዓይንህን ደክሞህ አልነበረም አይደል?» አለችው።

እጁን ሳያቆም «አልነበረም» አለ።

«ታዲያ?»

አባቷ ጨርቁን አስቀመጠ። «ያን ፎቶ ሲነሳ ነበርኩ። ስምንት ዓመቴ ነው። ለትምህርት ቤት መታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ እዚሁ ሰፈር ፎቶ ቤት ሄድን። እኔ ከካሜራው ኋላ ቆሜ ጆሮዬን እየጎተትኩ ዝንጀሮ እሠራለታለሁ። ፎቶ አንሺው ‹አፍህን ዝጋ!› ይለዋል፣ እሱ ይዘጋል፣ እኔ ዝንጀሮዬን እሠራለሁ፣ እሱ ፍርፍር ይላል። በመጨረሻ ሰውዬው ተናዶ እንዳለ አነሳው። መታወቂያው ላይ አንቀበልም ስላሉት ፎቶው ቤት ቀረ።» ጨርቁን አጣጠፈ። «ያ ሳቅ የኔ ነው፣ ብልጭ። ለኔ የሳቀው ነው። እንዴት አድርጌ ልዝጋው?»

«ለኔ ከምትሰጠኝ ለምን ለጸሐፊው አልነገርካቸውም?»

«ፈራኋ።» ግድግዳው ላይ ወዳለው የቤተሰብ ፎቶ አየ። ፎቶው ላይ ከእማማ ትከሻ በላይ ክብ ቀዳዳ አለ። ብልጭታ ሕፃን ሳለች የፎቶው አሠራር ይመስላት ነበር። «አባቴም ፈርቶ ነበር። ‹ያልጠረጠረ ተመነጠረ› ብሎ የወንድሜን ጭንቅላት ከዚያ ላይ ቆርጦ አወጣው፣ እኔ ከትምህርት ቤት እንዳልባረር። ስንት ዓመት ተቀየምኩት። ይኸው እሱ በመቀስ፣ እኔ ባንቺ እጅ።»

የሚያለቅስ መስሏት ደነገጠች። እሱ ግን ተጠግቶ ራሷን ዳበሳትና ጨርቁን መልሶ አነሳ። «እማማ ይህን ቀን ስትጠብቅ ነው የኖረችው» አለ። «ከሰልፉ ቢያወጡትስ? ፌርማታው ላይ ቆማ ሁሉም ልጅ አልፎ የሷ ሳያልፍ ቢቀርስ? ይህን ሳስብ ነው እጄ አልታዘዝ የሚለኝ።»

ብልጭታ የሚያስጨንቃት ይኸው ነበር። የተዘጋውን ብትይዝ የሚያልፈው ሌላ ልጅ ነው። የሚስቀውን ብትይዝ ጭራሽ ላያልፍ ይችላል።

ወደ ማምሻው ጸሐፊው መጡ። ቀጭን፣ ልብሳቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሲያወሩ እንኳ አንገታቸውን የማያዘነብሉ ሰው ናቸው። ፍሬሞቹን አንድ በአንድ እያነሱ አዩ። አንዲት ወጣት ሴት ፎቶ ላይ ሲደርሱ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ብልጭታ የፍንጭቱን ዋና ፎቶ ቅጂ በፍሬም አድርጋ ፊታቸው አስቀመጠች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አጎቴ ነው» አለች። ፍሬሙን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችው። «ትክክለኛው።»

«የኔ ልጅ፣ ይስቃል እኮ!»

«አዎ። ይስቅ ነበር።»

ጸሐፊው ወደ አባቷ ዞሩ፤ አባቷ መሬት መሬት አየ። እሳቸውም አልተቆጡም። ወንበር ስበው ተቀመጡና ያቺን የወጣት ሴት ፎቶ አንስተው አሳዩዋት። «ይህቺ ታላቅ እህቴ ናት። የሁከተኛ ወንድም ተብዬ ከትምህርት ቤት ተባረርኩ። መንገድ ላይ ሰው ስሟን እየጠራ ይስቅብኝ ነበር። ሳቅ ስሰማ ዛሬም ደስ አይለኝም። ስለዚህ ነው አንዴ እንኳ ኮት ለብሰው፣ ቀና ብለው፣ ማንም ሳይስቅ ይለፉ ያልኩት። ክፉ አስቤ አይደለም።»

ብልጭታ እስከዚያች ደቂቃ ጸሐፊውን ደረቅ ሰውዬ ብላ ነበር የምታስባቸው። አፈረች። ግን አሁን ዝም ብትል ነገ እንደማትናገር አውቃለች። «እህትዎ ኮት ነበራት ጋሼ?»

«አልነበራትም» አሉ። «የኔን ሹራብ እየሰረቀች ነበር የምትለብሰው።»

መጋረጃው ተገለጠና እማማ ቲኬት ገባች። ሁሉንም ሰምታለች፤ በዚያ ቤት መጋረጃ እንጂ ግድግዳ የለም። «ምን ትወድ ነበር እህትህ፣ ልጄ?» አለቻቸው።

ጸሐፊው ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቋቸው እንደማያውቅ ፊታቸው ላይ ያስታውቃል። «መዝፈን» አሉ። «ድምጿ ግን… ነፍሷን ይማረውና፣ ዘይት እንዳጣ በር ነበር።» ከንፈራቸው ጠርዝ ላይ ፈገግታ መጣ፤ ቶሎ ተነስተው ፍሬሞቹን ካርቶን ውስጥ መደርደር ጀመሩ። እህታቸውን ከሁሉም በላይ አደረጓት። የሚስቀውን ግን አልወሰዱም።

በሩ ላይ ሲደርሱ ወደ ብልጭታ ዞሩ። «ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን ተብያለሁ። ነገ ሰልፉን የማየው እኔ ነኝ፤ የተለየ ካየሁ ማስወጣት አለብኝ። የተዘጋውን ይዘሽ ብትመጪ ቦታሽ ሦስተኛው ረድፍ ነው፣ በግራ ጥግ።» ካርቶኑን ይዘው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ብልጭታ ዩኒፎርሟን ለብሳ አልጋዋ ላይ ያስቀመጠቻቸውን ሁለት ፍሬሞች አየች። እማማ ከአባቷ ጋር ቀድማ ወጥታለች። የተዘጋውን ፎቶ አነሳች፤ ከበድ ይላል፣ ያምራል፣ የሠራችው እሷ ናት። ልክ እንዲመጣ ስንት ለፍታበታለች! ይህን ከያዘች ማንም አይቆጣም፣ መምህሯ ይኮራባታል፣ እማማም ቢያንስ ግንባሩንና ቅንድቡን ታያለች። ከዚያ የሚስቀውን አየችው። ድመት የሚፈራ ልጅ ነው። ዳቦ ፈሰሰ የሚል ልጅ። የተዘጋውን መልሳ አልጋው ላይ በግንባሩ ደፋችውና ወጣች።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ተማሪዎቹ ተሰልፈዋል። ጸሐፊው ከረድፍ ረድፍ እያለፉ የአንዱን ፎቶ ቀና፣ የሌላውን ዝቅ ያደርጋሉ። ሦስተኛው ረድፍ ጋ ሲደርሱ ብልጭታ ፍሬሙን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። ጸሐፊው ቆሙ። ፎቶውን አዩ። ፍንጭቱም እሳቸውን እያየ ሳቀ።

«እንዴ!» አለ ከኋላ የቆመ ልጅ። «የሷ ይስቃል እኮ!»

ጸሐፊው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን አጠበቡ። «ፀሐዩ መስታወቱ ላይ እያንጸባረቀ ምንም አይታየኝም» አሉና ወደሚቀጥለው ተማሪ አለፉ።

ብልጭታ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ከዳር እስከ ዳር ደመና ነበር።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። አደባባዩ በቀኝ በኩል ባለሥልጣናቱ የተቀመጡበት መድረክ አለው፤ በግራ በኩል የድሮው ፌርማታ፣ ቀለሙ የለቀቀ ምሰሶና አንድ አግዳሚ ወንበር። ሕዝቡ በሁለቱም በኩል ቆሟል፣ ዝም ብሎ፤ ጭብጨባም ለቅሶም ያልተፈቀደ ይመስል። የመጀመሪያው ረድፍ መድረኩ ፊት ሲደርስ ድምፅ ማጉያው «ፎቶ ወደ ቀኝ!» አለ። ኮት የለበሱ ፊቶች ሁሉ አንድ ላይ ወደ ቀኝ ዞሩ። ሁለተኛው ረድፍም እንደዚያው።

ብልጭታ እማማን አየቻት። አንድ እግሯን ወደ ፊት ተክላ፣ አንድ እጇን ምሰሶው ላይ አድርጋ ቆማለች፣ በሩ የተከፈተ አውቶቡስ ላይ እንደቆመች። አባቷ ከጎኗ ነው። እማማ አንገቷን እያሰገገች በሚያልፉት ፎቶዎች መካከል ትፈልጋለች፤ ከቆመችበት ግን የምታየው የፍሬሞቹን ጀርባ ብቻ ነው። ከአንዱ ወደ አንዱ የሚሮጥ ዓይኗ ቀስ በቀስ ተስፋ ሲቆርጥ ብልጭታ ከሩቅ ታወቃት።

ፍሬሙን ወደ ግራ አዞረችው።

እማማ ቲኬት አየችው። መጀመሪያ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ እጇን አነሳችና፣ ብልጭታ በሕይወቷ ሰምታው በማታውቀው፣ አውቶቡስ በሚያቆም ድምፅ ጮኸች።

«አንተ! አፍህን ግጠም! ዝንብ ይገባብሃል!»

አደባባዩ በሙሉ ዞረ። ሕዝቡ ዞረ፣ ተማሪዎቹ ዞሩ፣ መድረኩ ላይ ያሉትም አንገታቸውን አሰገጉ። እማማ ግን ማንንም አላየችም። እንባዋ በጉንጯ እየወረደ፣ ሳትደብቀው፣ ሳትጠርገው፣ ድምፅ አውጥታ እያለቀሰች ትስቅ ነበር። ከጎኗ የቆሙ አንዲት የማታውቃቸው ሴት እጇን ያዟትና እሳቸውም ማልቀስ ጀመሩ። አባቷ ደግሞ፣ ያ በደንበኛ ፊት ጮክ ብሎ እንኳ የማይናገር ሰው፣ በሁለት እጁ ጆሮዎቹን ጎትቶ ለፎቶው ዝንጀሮ ሠራለት።

ብልጭታ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ሳቀች፣ አፏ እስኪበቃው፣ ከአጎቷ የወረሰችው ፍንጭቷ እየታየ።

«ሦስተኛው ረድፍ!» አለ ድምፅ ማጉያው። «በግራ ጥግ ያለሽው! ፎቶ ወደ ቀኝ!»

ሰማችው። ፍሬሙን አጥብቃ ያዘችና፣ ፌርማታው ጋ ትንሽ እንዲቆይ ብላ፣ እርምጃዋን ቀስ አደረገች።